ዋንጫውና ጣባው

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ እንቁባሕርይ። ይህን ያሉት ይርገዱ የምትባል ወጣት አስተማሪ፣ «የኔታ፣ ተማሪዎቼ በሂሳብ ትምህርት ያልኳቸውን ይደግሙልኛል፤ ጥያቄውን ትንሽ ስለውጠው ግን ይጠፋቸዋል። ቁጣ ልጨምር ወይስ ልተዋቸው?» ብላ ስለ ጠየቀቻቸው ነው።

ሰውየው ባለጸጋ ነበር፤ ከሀብቱ ይልቅ ግን የሚኮራው በፍርዱ ነበር። ጎረቤት በወሰን ሲጣላ፣ ወንድማማች ርስት ሲካፈል የሚጠራው እሱ ነው። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ታላቂቱ የአሥር፣ ታናሺቱ የአምስት ዓመት።

አንድ ቀን ሽማግሌዎች ቤቱ ተቀምጠው ሳሉ ለልጆቹ ወተት ሰጠ። በአንዲት ቅል እኩል ሰፍሮ ለታላቂቱ በረጅም ዋንጫ፣ ለታናሺቱ በሰፊ ጣባ ቀዳ። ታናሺቱ ዋንጫውን አየች፣ ጣባዋን አየችና «ለእሷ አበለጥህላት!» ብላ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። የባለጸጋው ፊት ግን ጠቆረ። እያየች እንደገና ሰፈረላት፤ አሁንም «የእሷ ይበልጣል» አለች።

«እኩል ነው እስክትል ድረስ ወተት እንዳትቀምስ!» ብሎ አዘዘ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቱ መጣች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «አባዬ፣ እኩል ነው» አለች። ደስ አለው፤ ፍርዱ የጸና መሰለው።

በቤቱ ወተት የምትንጥ አንዲት መበለት ነበረች። «ጌታዬ፣ እስቲ ያስመርጧት» አለችው። እሱም ሁለቱን ዕቃ እንደ ቀድሞው እኩል ሰፍሮ «የምትወጂውን አንሺ» አላት። ልጅቱ በፍርሃት አባቷን አየች። እጇ ግን ወደ ዋንጫው ሄደ።

ሰውየው ደነገጠ። ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ የተቀጣችው መዋሸትን ለመማር እንደ ነበረ ገባው። አልቆጣትም። መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ውሃ አስመጣ፣ ዕቃዎቹንም ለእሷ ሰጣት። ከዋንጫው ወደ ጣባው፣ ከጣባው ወደ ዋንጫው ትገለብጥ ጀመር። ያን ቀን አልገባትም። በማግስቱም አልገባትም። መልሱን አልነገራትም፤ «አሁን ብትመልሺው እስከ የት ይደርሳል?» እያለ ብቻ ይጠይቃታል።

ክረምቱ አልፎ እህል ሲታጨድ፣ አንድ ጠዋት ጣባውን እንደ ያዘች ቀጥ አለች። «አባዬ፣ ያው እኮ ነው! ምንም አልጨመርንበትም!»

በሰው ፊት አልቅሶ የማያውቀው ሰው አለቀሰ።

የኔታ ይህን ተናግረው ወደ ይርገዱ ዞሩ። «ልጄ፣ ያ ባለጸጋ አንቺ ነሽ። ተማሪዎችሽ ሰነፎች አይደሉም፤ በዕድሜያቸው ልክ የሚታያቸውን ነው የሚነግሩሽ። ብትቆጪ ፍርሃት ያወጣውን ቃል ትሰሚያለሽ። ብትተያቸው ደግሞ ዕቃውን ማን ያቀብላቸዋል? ነገ መልስ ከመጠየቅሽ በፊት ለየእጃቸው ባቄላ ስጫቸውና ሲደምሩ ሲቀንሱ ዝም ብለሽ ተመልከቻቸው። የት እንደ ደረሱ እጃቸው ይነግርሻል፤ አንቺም ከዚያው ትጀምሪያለሽ።»