አንድ ካባ፣ ሦስት ትከሻ

በአንድ ወቅት፣ ሆዱን የታመመ ሰው ሁሉ መጀመሪያ በቲቢ በሚጠረጠርበት ከተማ፣ ሶስና የምትባል ሐኪም ነበረች። ጎበዝ ነበረች፤ ጎበዝ መሆኗንም ታውቅ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ምናሴ ሆዱን ሲቆርጠው፣ ተቅማጥ ሲያመላልሰውና ልብሱ ሁሉ ሲሰፋው ወደ ሌላ ሐኪም አልሄደም። እህቱ እያለችለት የት ይሄዳል?

«የአንጀት ቲቢ ነው። በስድስት ወር ትድናለህ» አለችው።

የቲቢ መድኃኒት ሰው ፊት ነው የሚዋጠው። መዋጡን በዓይኑ አይቶ የሚያረጋግጥ ሰው ይመደባል፤ ለምናሴ የተመደበችው ሚስቱ ጥሩወርቅ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ክኒኑን በመዳፏ ይዛ ፊቱ ትቆማለች፤ ካልዋጠ አትነቃነቅም። በአምስተኛው ወር «ጥሩዬ፣ ይሄ ነገር አልጠቀመኝም፤ ዛሬን እንኳ ማሪኝ» ብሎ ለመናት። አልማረችውም። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ሶስና ሦስት ወር ጨመረችበት። በዘጠነኛው ወር አንጀቱ ተበሳና ቀዶ ጥገና ክፍል ሳይደርስ ሞተ። ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

እንግዲህ ሦስት ሰዎች ያደረጉትን ስሙ።

ጥሩወርቅ እንባዋን ጠርጋ «ምን እንደገደለው ሳላውቅ አልቀብረውም። ሆዱ ተከፍቶ ይታይ» አለች። በዚያ አገር አስከሬን አይነካም። አማቷ፣ የምናሴና የሶስና እናት፣ «በሽታው የበላው አንሶ ደግሞ በቢላዋ!» ብለው ጮኹ። እሷ ግን ፈረመች። ሲከፈት ቲቢ አልነበረም፤ ክሮንስ የሚባለው፣ ሰውነት በገዛ አንጀቱ ላይ የሚነሳበት በሽታ ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ የባሏ ዘመድ አልነበረም። ሶስና እንኳ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። አማቷ እስኪሞቱ ድረስ ስሟን አልጠሩም።

ጋሽ ሀብተየስ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበሩ። ምናሴ በሕይወት ሳለ ከአንጀቱ የተወሰደችውን ቁራጭ እንዳትበላሽ በሰም ደፍነው፣ ስስ አድርገው ቆርጠው፣ ቀለም ነክረው፣ ሦስት ጊዜ የቲቢ ተሕዋስ ፈልገዋል። «ዶክተር፣ እኔ ምንም አላየሁም» አሏት ሶስናን። «አለመታየቱ የለም ማለት አይደለም» አለቻቸው። ነገሩ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ አይታይም። እሳቸውም ዶክተር ካለች ብለው ዝም አሉ። ከዓመታት በኋላ ሆስፒታሉ በሰም የተደፈነው አሮጌ ናሙና ሁሉ ይቃጠል ሲል ግን፣ የምናሴንና የመሰሎቹን ሁለት መቶ ቁራጭ «ተቃጥሏል» ብለው ፈርመው ቤታቸው ቁምሳጥን ውስጥ ደበቁ። ሲደረስባቸው፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ተባረሩ።

ሶስና ማከም ተወች። እጇ መድኃኒት ማዘዝ እምቢ አላት። ምርምር ውስጥ ገብታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁለቱን በሽታዎች የሚለይ ምልክት ፈለገች፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። ድጋፍ ፍለጋ የውጭ ለጋሾች ደጅ ስትጠና «እናንተ አገር እኮ ይህ በሽታ የለም» እያሉ መለሷት። ያለ መሆኑንማ እሷ ታውቃለች፤ ቀብራዋለች። በመጨረሻ ከጋሽ ሀብተየስ ቁምሳጥን በወጡት ሰሞች ሁለቱን የሚለየውን ምርመራ ሠራች። መጀመሪያ የሞከረችው የምናሴን ነበር። መልሱ በአንድ ሳምንት ደረሰ፤ ቲቢ አይደለም፣ ክሮንስ ነው። እሱ ዘጠኝ ወር ነበር የጠበቀው። ወረቀቱን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ዩኒቨርሲቲው ለዚህ ሥራዋ የክብር ካባ ሊያለብሳት አዳራሽ ጠራት። ጥሩወርቅንና ጋሽ ሀብተየስን ጋብዛ ፊት አስቀመጠቻቸው። ካባው ትከሻዋን ሲነካ አውልቃ ወረደችና ለጥሩወርቅ ዘረጋችላት።

«ያንቺ ነው። ያን ቀን ባትፈርሚ ኖሮ እስከ ዛሬ ቲቢ ነው እያልኩ ሰው እገድል ነበር። እኔ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ብቻሽን ተውኩሽ።»

ጥሩወርቅ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች። «እትዬ፣ በዚህ መዳፌ ነው ያስዋጥኩት። ማሪኝ ሲለኝ አልማርኩትም። እኔን አታልብሺኝ።»

ሶስና ወደ ጋሽ ሀብተየስ ዞረች። «እርስዎስ ጋሼ?»

«ሦስት ጊዜ አይቼ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ፣ ዶክተር። ሰሙን የደበቅኩት ለሳይንስ ብዬ መሰለዎት? ማቃጠሉ እሱን ሁለተኛ መግደል ሆኖብኝ ነው።»

«እንግዲያው ዶክተር፣ እርስዎ ይልበሱት!» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ አዳራሹም አጨበጨበ።

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለች ሶስና። ጭብጨባው ቆመ። ሦስቱም ካባውን መሐላቸው አድርገው፣ ያን ዕለት በድንኳኑ ሊያለቅሱት ይገባቸው የነበረውን ለቅሶ አብረው አለቀሱ።

ካባው እስከ ዛሬ ማንም ሳይለብሰው እዚያው አዳራሽ ወንበር ላይ ነው። እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ። አንዷ አስዋጠችው፤ አስከሬኑንም አስከፈተች። አንዱ አይተው ዝም አሉ፤ ሰሙንም አዳኑ። አንዷ አዘዘችበት፤ ዕድሜዋንም ገበረችለት። ካባው የሚገባው ለማን ነው?