የማዳመጫው ድንጋይ

አንድ የቃሬዛ አለቃ በአንዲት የደጋ ቀበሌ ይኖር ነበር። ስሙ ግዛው ይባላል። ቀበሌዋ ከተማ ካለው ሆስፒታል የስድስት ሰዓት የእግር መንገድ ትርቃለች፤ መንገዱም ገደልና ወንዝ እንጂ መኪና የሚያስኬድ አይደለም። ስለዚህ ሰው ሲታመም፣ ሴት ምጥ ሲጠናባት ጥሩንባ ይነፋል። ወንዱ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል፤ አራት አራት እየሆኑ፣ ትከሻ እየተቀያየሩ፣ በሽተኛውን በቃሬዛ ይዘው ቁልቁል ይወርዳሉ።

ግዛው ይህን ማኅበር ሃያ ዓመት መርቷል። ሰርግ ቤት ሲገባ ሰው ተነሥቶ ያስቀምጠዋል። አሮጊቶች “ትከሻህን አያሳጣን” ይሉታል። እሱም ምርቃቱን ይወደዋል።

አንድ ዓመት ከወረዳ መልእክት መጣ። ሕዝቡ ድንጋይና ጉልበት ካዋጣ፣ ትንሿ ጤና ኬላ ጤና ጣቢያ ትሆናለች፤ ማዋለጃ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣና ሁለት አዋላጆች ይኖሯታል። ሕዝቡ ለስብሰባ ተጠራ። ቀድሞ የተነሣው ግዛው ነው።

“እኛ እያለን ማን ወድቆ ቀረ? ይልቅስ ቃሬዛው አርጅቷል፤ አዲስ ቃሬዛ ይሰጠን!”

ሰው አጨበጨበ። የጤና ኬላዋ ነርስ ሲስተር ጥሩሰው ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም። ያን ቀን ግን የነጠላዋን ጫፍ እየጠመዘዘች ቆመች።

“ጋሽ ግዛው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንዙን ስትሻገሩ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሁልጊዜ የምትቆሙት ለምንድን ነው?”

“ለማረፍ ነዋ! አንቺ ቃሬዛ ተሸክመሽ ታውቂያለሽ?” አላት አንዱ ተሸካሚ። ሰው ሳቀ።

ግዛው አልሳቀም። ቃሬዛውን እዚያ ድንጋይ ላይ ያወርዱታል። እሱ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ በሽተኛው አፍ ያስጠጋል። ትንፋሽ ካለ ወደ ከተማ ይቀጥላሉ፤ ከሌለ ፊታቸውን ወደ መጡበት ያዞራሉ። ይህን ከተሸካሚዎቹ በቀር ማንም አያወራውም። ባለፈው ክረምት የአንጥረኛውን ሚስት ብርነሽን ይዘው ሲወርዱ፣ “ጋሼ፣ ደረስን?” ብላ ጠይቃው ነበር። ገና አራት ሰዓት ይቀራቸው ነበር። “ደርሰናል” አላት። ድንጋዩ ላይ ሲያዳምጣት ግን ትንፋሽ አልነበረም።

“ለማረፍ አይደለም” አለ ግዛው፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። “ነፍስ መኖሯን ለማዳመጥ ነው።”

አንጥረኛው አንገቱን ደፋ።

“ያልኩትን ትቼዋለሁ” አለ ግዛው። “ከሰኞ ጀምሮ ጥሩንባ ይነፋል፤ የምንሸከመው ግን ድንጋይ ነው። የቀረ ሰው ከኔ ጋር አይቆጠር።”

“እንዴ ጋሼ!” አለ ቅድም ያሳቀው ተሸካሚ። “ጤና ጣቢያው ካለቀማ እኛ ሥራ ፈት ልንሆን አይደል?”

“አሜን በል!” አለው ግዛው። “ሥራ ፈት ያድርገን!”

ድንጋዩን በትከሻ፣ አሸዋውን በጆንያ አጋዙ። ዝናብ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ናደው፤ ሁለት ጊዜ መልሰው አቆሙት። በመጨረሻ ማዋለጃ አልጋውና ማቀዝቀዣው ከተማ ደረሱ ሲባል፣ ተሸካሚዎቹ ወርደው ቃሬዛው ላይ አሥረው ዳገቱን ተያያዙት። እነዚያ ሰዎች ሸክም ይዘው ሲመለሱ የሚቀበላቸው ለቅሶ ነበር። ያን ቀን የተቀበላቸው እልልታ ነው። ግዛው ከፊት ሆኖ ተሸክሞ ነበርና እንባውን የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም።

ወዳጆቼ፣ የወደቀን መሸከም ደግነት ነው፤ ማንም አይናቀው። ሰው የሚድንበትን ቦታ ወደ ሰው ደጅ ማምጣት ግን ከደግነት ሌላ ቆራጥነት ይጠይቃል፤ ለብዙ ዘመን የተመሰገንንበትን ነገር “ይህ አይበቃም” ማለት ያስፈልጋልና። እስቲ እያንዳንዳችን እንጠይቅ፦ የምንመሰገንበት፣ ነገር ግን ጭራሽ ባያስፈልግ የሚሻለው ድካማችን የትኛው ነው?