ጾመኛው ውሻ

እስቲ ስለ አንዲት እናት ላጫውታችሁ። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የራቋት ሴት ናት። ያላት መከታ የሚባል ውሻ ብቻ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ገና ከመንገዱ ኮቴዋን ለይቶ በሩን በእግሩ የሚቧጥጥ እሱ ነው።

ፍልሰታ ገባ። ጎረቤቷ ጋሽ ሙላቱ ከሚሠሩበት ሆቴል አጥንት ይዘውለት መጡ። መከታ አሸተተው፣ ትቶት ሄደ። እሷ በሽሮ ያራሰችለትን እንጀራ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ቀስ እያለ በላ።

«አዩልኝ ጋሽ ሙላቱ! ይጾማል እኮ! ከእርስዎ ይሻላል!» አለች።

ወሬው መንደሩን አዳረሰ። ሰው ሁሉ ሊያየው መጣ። ለሃጩ ሲዝረበረብ «ሥጋ አምሮት ነው፤ ግን ቻለው» ብለው አደነቁለት። በሩን መቧጠጥ ትቶ ደረጃው ሥር ገብቶ ሲተኛ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሱባዔ ገባ!»

ጾሙ ተፈታ። እናታችን ሥጋ ያልተለየው አጥንት ይዛ ወጣች። «ና የኔ ጌታ፣ ተፈታ እኮ!»

መከታ ጭራውን እየቆላ መጣ። አጥንቱን ነከሰው፤ ወዲያው ጣለውና ወደ ኋላ አፈገፈገ። ግራ ገባት። ጉንጩን ልትደባብሰው እጇን ብትሰድ አጉረመረመና የነጠላዋን ጫፍ ዘነጠለው። የገዛ ውሻዋ!

ጋሽ ሙላቱ ከአጥሩ ማዶ ጮኹ። «ይሄ ውሻ አብዷል! ልጆች ሳይነክስ መርዝ ይሰጠው!»

«ትናንት ጻድቅ ነው ስትሉት አልነበረም እንዴ?» አለቻቸው።

ምን ትመን? ጾመኛ ነው? እብድ ነው? እሺ ልትላቸው አፏን ከፍታ ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከናት። አጥንቱን ካልፈለገው ጭራውን ለምን ቆላ? በሩን ዘጋችበትና የእንስሳት ሐኪም አስጠራች።

ሐኪሙ አደንዝዞ አፉን ከፈተው። «እማማ፣ ጥርሱ ተሰብሯል፤ ድዱ መግል ይዟል። አጥንቱን የተወው ስላመመው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጮኸም?»

«ውሻ ሲያመው ሁልጊዜ አይጮህም። ይደበቃል፤ ምግብ ይመርጣል፤ ሲነኩት ይቆጣል።»

እናታችን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። «እሱ ሲታመም እኔ ሳወድሰው ከረምኩ» አለች።

ወገኖቼ፣ ሰምታችኋል? መጀመሪያ ጻድቅ አሉት። ቀጥለው እብድ አሉት። ታሟል ያለው ግን ማንም አልነበረም!

እኛስ? ዝም ያለችውን ሚስት «ጨዋ» ብለናት አላለፍንም? ከክፍሉ የማይወጣውን ልጅ «ጸሎተኛ ሆነ» አላልንም? ደግሞ አንድ ቀን ሲቆጣ፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል ሲያመልጠው፣ «ይሄ ልጅ ሰይጣን ገባበት» ያልነው እኛው አይደለንም? ያቺ ሴት ግራ ስለገባት ጠየቀች። እኛን ያስቸገረን ግራ አለመጋባታችን ነው። ለሁሉም ስም አለን!

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ እንደ ድሮው በር ላይ የማይቀበላችሁ ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ስም አታውጡለት። አጠገቡ ተቀመጡና «የት ጋ ነው የሚያምህ?» በሉት። ሊያጉረመርም ይችላል። ነጠላችሁንም ሊዘነጥል ይችላል። ይዘንጥለው፤ ነጠላው ይሰፋል።