የመሰንቆው ጎደሎ ክሮች

አንዲት የሕፃናት አስተማሪ ቀለም የምታስተምረው በሙዚቃ መሣሪያ ነበር። ክራሩ ላይ አረንጓዴ፣ በገናው ላይ ቢጫ፣ መሰንቆው ላይ ቀይ ሪባን አስራ ግድግዳው ላይ ሰቅላቸዋለች። ልጆቹም እያዩ የመሣሪያውን ስምና የሪባኑን ቀለም በአንድ አፍ ይጠራሉ።

አንድ ቀን አቶ ድልነሳሁ የሚባሉ፣ የማያውቁት ነገር ያለ የማይመስላቸው ተቆጣጣሪ የክፍሉን ንብረት ሊያጣሩ መጡ። የክራሩን ክሮች ቆጠሩ፤ ስድስት። የበገናውን ቆጠሩ፤ አሥር። መሰንቆው ጋ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አንድ ክር ብቻ! የቀሩትን የት አደረስሻቸው?» ብለው ቀይ እስክሪብቶ መዘዙ። «ዛሬውኑ ጽፌ አስባርርሻለሁ!»

ልጆቹ እስክሪብቶውን አይተው «ቀይ!» ብለው ጮኹ።

አስተማሪዋ አንገቷን ደፋች።

«አንዴ ከተያዝኩ ምን እደብቃለሁ ጌታዬ? ዋሽንቱንም ነቀዝ አራት ቦታ በስቶብኛል። ከበሮውማ አይነሳ፤ ውስጡ የነበረውን ሁሉ ዘርፈው ባዶውን አስቀርተውታል። ይህን ሁሉ በቀይ ይጻፉና ከታች ስምዎን ያስፍሩልኝ፤ መሰንቆው አጠገብ እሰቅለዋለሁ። ልጆቹ ቀይን ይማሩበታል፤ ወላጆቻቸው ደግሞ እርስዎን ያውቁበታል።»