ኮንጂን በሰሜን ምሥራቅ የተቀመጠበት ዓመት

በአንድ ወቅት፣ በጃፓን አገር በአንድ ተራራማ መንደር፣ ኦሺኖ የምትባል ሴት ገብስ ስታበጥር ክፉ ወሬ ደረሳት። ከሰል አክሳዩ ባሏ ሳኩዞ ሸለቆ ውስጥ ዛፍ ወድቆበታል፤ ነፍሱ ግን ገና አልወጣችም።

ሸለቆው ከቤታቸው በሰሜን ምሥራቅ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ፣ በየዓመቱ አቅጣጫ የሚቀያይረው አምላክ ኮንጂን እዚያው ተቀምጧል። በቀጥታ ወደ እሱ የሄደ ሰው ከቤቱ ሰባት ነፍስ ያስበላል ይባላል። ኦሺኖና ባሏ፣ ሦስት ወንዶች ልጆቿ፣ የትልቁ ሚስትና ሕፃን፣ ልክ ሰባት ነበሩ።

ትልቁ ቶኩጂ እንደ ደንቡ አደረገ። በምሥራቅ ካለው የአክስቱ ቤት አድሮ ሲነሳ ሸለቆው በሰሜን ይውላልና መንገዱ ንጹሕ ይሆናል። «ልጄን አልገብርም» አለ። ጎረቤቶችም ከዚህ ንጹሕ መንገድ በቀር በሌላ ቃሬዛ አንሸከምም ስላሉ ይዟቸው ሄደ። በማግስቱ የሳኩዞን ሬሳ ከሸለቆው ያወጡት እነሱ ናቸው።

መካከለኛው ሄይሱኬ፣ «ጋሼ፣ አንተ አክስቴ ቤት እራትህን ብላ» ብሎት በቀጥታ ሮጠ። አባቱን በሕይወት አገኘው፤ ዛፉን ግን ብቻውን ማንሳት አልቻለም። ውሃ አጠጣው።

«በየት በኩል መጣህ?» አለ ሳኩዞ ኮንጂንን ፈርቶ።

«በአክስቴ በኩል ዞሬ ነው፣ አባዬ።»

ቀንና ሌሊቱ ተምታቶበት ነበርና አመነው። በልጁ ጭን ላይ በሰላም አረፈ።

ትንሹ ኢዋኦ የትም አልሄደም። ሄይሱኬ መሮጡን ሲያይ ሴቶቹንና ሕፃኑን ወደ ቤተ መቅደስ ሰደደ። ኦሺኖ አብሯቸው እንዲሄድ እጁን ይዛ ለመነችው።

«እማዬ፣ አምላኩ ቤቱን ባዶ ካገኘው ይከተላችኋል። አንድ ሰው መገኘት አለበት።»

በዚያው ማታ ትኩሳት ጣለው። እናቱን እንኳ መለየት አቃተው።

በቀብር ዕለት የሟች አባት ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ከሬሳው ፊት የሚይዘው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ የቤቱ አባወራም እሱ ይሆናል፤ የምትመርጠውም እናቱ ናት። ለታመመ ልጅ ሌላ ሰው ይይዝለታል። ቶኩጂ ባይዞር ኖሮ ሳኩዞ ይተርፍ ነበር? ሄይሱኬ ባይቸኩልስ ኢዋኦ ዛሬ ጤነኛ ይሆን ነበር? ኦሺኖ ሰሌዳውን ታቅፋ ቀና ብላ ልጆቿን ማየት ተሳናት፤ ሬሳው በር ላይ እየጠበቀ ነው።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ ለሳኩዞ ነፍስ ጸልዩ። ከዚያ ንገሯት፤ ሰሌዳው የሚገባው ለማን ነው?