ቀይ ክር የታሰረበት ዘንግ

የፈትሁዲን ነገር ሁሉ የተበላሸው በሸዕባን ወር፣ በአንድ ረቡዕ ቀን ነው። ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ሩቅ አገር ዒልም ቀስሞ ተመልሶ የመድረሳውን ኪታቦች ይጠብቅ ነበር። በዚያ ረቡዕ ለመድረሳው በወቅፍ የተሰጠ አንድ ኪታብ ጠፋ። የወሰደው የገዢው አማች ነው፤ ከመስጂዱ ግቢ ይዞት ሲወጣ ሦስት ሰዎች አይተውታል። ቃዲው ሲጠይቃቸው ግን ሦስቱም ጉልበታቸውን እያዩ ዝም አሉ። ፈትሁዲን ሌባ ተብሎ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት በአባቱ ዘንግ ዓሣ እያጠመደ ኖረ።

አሁን ደግሞ ያ ዘንግ ተሰበረ። ሌላውን ዓሣ የሚበላው ትልቁ ዓሣ ወደ ዳር የሚወጣው የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ትል አያታልለውም። የሚያታልለው ከእንጨት የተቀረጸ፣ ሆዱ ውስጥ እርሳስ የተቀበረበት፣ ስንዝር ተኩል የሚሆን የውሸት ዓሣ ነው። ይህን ከባድ ነገር የሚወረውር ዘንግ እንደ ልብ አይገኝም። ፈትሁዲን በመቀነቱ የቋጠረው አራት ብር ነው። የገዛው ዘንግ ቢከዳው ሌላ መግዣ የለውም፤ ልጆቹም ክረምቱን የሚበሉት የላቸውም። በከተማዋ ዘንግ የሚሸጡት ደግሞ ሐጂ ሙዘሚል ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱ ዝምተኞች አንዱ።

ሐጂ በሐቀኝነታቸው የተመሰከረላቸው ነጋዴ ነበሩ። ዘንግ ላይ ስንጥቅ ወይም ነቀዝ የበላው ቦታ ካገኙ፣ የገዢ ዓይን እንዳይስተው እዚያው ላይ ቀይ ክር ያስሩበታል። ጎረቤታቸው ጨው ሻጩ ሙክታር፣ "ሐጂ ቀርከሃ ነው ሙሽራ የሚሸጡት?" እያለ ያሾፍባቸው ነበር።

ፈትሁዲን ደጃፉ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሶ ተመለሰ። በሦስተኛው ገባ።

"አሰላሙ ዐለይኩም።"

ሐጂ ድምፁን አወቁት። "ወዐለይኩሙ ሰላም። ግባ፣ ፈትሁ።"

"ይህን የሚችል ዘንግ ፈልጌ ነው፤ ብዙ ብር የለኝም።" የእንጨቱን ዓሣ አውጥቶ አስቀመጠ።

ሙክታር ከደጅ አንገቱን አስግጎ አየ። "እሱኑ አትቀቅለውም? ከምታጠምደው ይበልጣል።"

የሳቀለት አልነበረም። ፈትሁዲን እጁን ወደ አንድ ቀጭን፣ ተወልውሎ ወደሚያበራ ዘንግ ሰደደ። ክርም የለበትም።

"እሱን ተወው" አሉ ሐጂ። "አሥር ብር ነው፤ ለአንተ ሥራ ግን አንድም አያወጣም።" የእንጨቱን ዓሣ ጫፉ ላይ አንጠለጠሉት፤ ጫፉ ወደ መሬት ተደፍቶ ቀረ። "አንተ ሩኩዕ ወርዶ የሚነሣ ዘንግ ነው የሚያሻህ።"

ከጥግ አንድ ወፍራም፣ ትንሽ የተንሻፈፈ ዘንግ አመጡ። ዓሣውን ሲያንጠለጥሉበት ከወገቡ ጎንበስ አለ፤ ሲያወርዱለት ቀና አለ።

"ቀይ ክር አለበት" አለ ፈትሁዲን።

"አለበት። ስንጥቁ ከእጀታው ግርጌ ነው፤ ዓሣው የሚጎትተው ወገቡን ነው። ዋጋውን ወደ ሦስት ብር ያወረደው ይኸው ስንጥቅ ነው። ይበቃሃል።"

ፈትሁዲን ጣቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ጊዜ አስኬደበት። ክር ያልታሰረበት ሌላ ስንጥቅ ቢኖርስ? እኚህ ሰው እያዩ ዝም ማለት እንደሚችሉ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

"በምን ልመንዎት?" አለ በመጨረሻ። "ለቀርከሃ ክር ያስራሉ። ኪታቡን ማን እንደወሰደ እያዩ፣ ስሜ ሲሰነጠቅ ለምን ዝም አሉ?"

ሙክታር የጨው መስፈሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ይህ ሱቅ ኪታቡን የወሰደው ሰውዬ ነበር" አሉ ሐጂ። "እንዳያስወጣኝ ፈራሁ።" ከቀዩ ክር አንድ ስንዝር በጥሰው፣ አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው በገዛ እጃቸው አንጓ ላይ አሰሩት። "ዘንጉን በነጻ ውሰድ፣ ልጄ።"

"ሐቄን በዘንግ አይክፈሉኝ" አለ ፈትሁዲን። ሦስት ብሩን ቆጥሮ አስቀምጦ ወጣ።

ያን ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ሐጂ ሙዘሚል በጀመዓው ፊት ቆመው፣ ክር የታሰረበትን እጃቸውን አንሥተው ያዩትን ሁሉ ተናገሩ። አንዱ፣ "ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ምን አነሣሣዎት?" ሲላቸው እንዲህ አሉ፦ "የዕቃውን እንከን፣ ዐይቡን የደበቀ ሻጭ ገንዘቡን ሐራም ያደርጋል፤ ዐይብ የደበቀ ምስክር ግን ዕድሜውን።"

ሐጂን ከፍ የሚያደርጋቸው አለመሳሳታቸው አይደለም፤ በአደባባይ የበደሉትን በአደባባይ መመለሳቸው ነው። ብዙዎች ለአላህ ተውበት አድርገናል ብለው ይተኛሉ። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ብሎ ይቅር እስኪል በአንገት ላይ ይኖራል። ሚዛኑን አስተካክሎ ምላሱን ያላስተካከለ ሰው፣ ግማሽ ሐቀኛ ሳይሆን ሙሉ ዕዳ ያለበት ነው። ዘንጉ ያን ዝናብ ከነስንጥቁ አለፈ። ፈትሁዲን ግን የአንድ ሰው ቃል አልበቃውም። ከሦስቱ አንዱ ሞቷል፤ ሌላው፣ ሸኽ ሐምዱ፣ ዛሬም በሶላት ረድፍ በፊተኛው ሶፍ ይቆማሉ። በጁሙዓ ቀን ኢማሙ ሶላቱን በሰላምታ እንደጨረሱ፣ ፈትሁዲን ዘንጉን ደጅ አስደግፎ ገባና ከሸኹ ፊት ተቀመጠ።

"ሸኽ ሐምዱ፣ ያን ረቡዕ ምን አዩ? እዚሁ ተቀምጫለሁ፤ ይመልሱልኝ።"