ለአንድ አልጋ የሚሆን ቦታ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ቁጭ የምትሉበት ቦታ ካላችሁ ቁጭ በሉ፤ ከሌላችሁ ዕቃችሁን ገፋ አድርጉና ስሙኝ።

ወይዘሮ ትርንጎ የሚሏት ሴት ነበረች። ባለቤቷ አቶ ተድላ ገበያው ዳር ሬዲዮ ይጠግን ነበር፤ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ያላቸው አንድ ልጅ ናት፣ ውብርስት። ውብርስት ራቅ ያለ አገር ተድራ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ እንዲህ ነው ወጉ። ሐሙስ እመጣለሁ ብላ ልካለች። ትርንጎ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመስኮቱ ሥር፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ ለአንድ አልጋ የሚሆን ቦታ።

ቦታው ላይ ትልቅ ሳጥን ተቀምጧል። ማክሰኞ ጠዋት ትርንጎ መጥረጊያዋን ወደ ሳጥኑ ሥር ሰደድ ስታደርግ አንድ ነገር ሸሸት አለ። አይጥ መስሏት ጎንበስ ብላ ብታይ ጅራት አየች፤ ጥቁር፣ የመጥረጊያ እጀታ የሚያህል፣ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ የሚሳብ ጅራት። ትርንጎ ስሙን አልጠራችውም፤ ቤት ውስጥ እያለ ስሙ ከተጠራ ይመጣል ብላ ታምናለች። ቤቱ የእኔ ስላልሆነ እኔ እጠራዋለሁ፤ እባብ ነበር።

ልጇ አልጋው ላይ ተኝታ፣ ጨቅላው አጠገቧ ሆኖ፣ ያ ነገር ከሥራቸው ሲሳብ ታያት።

ጎረቤት አትጠራም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አትጠራም። ተድላ ከሞተ ወዲህ የዚያን ቤት ውስጥ ያየ ሰው የለም። ሰው ሲመጣ ደጃፍ ላይ ቆማ ታነጋግረዋለች፣ ግቡ ሳትል ትሸኛለች። ቤቱን ለመስቀል አስተካክለዋለሁ ትላለች፤ መስቀል ያልፋል። ለገና ትላለች፤ ገናም ያልፋል። በመጨረሻ ትርንጎ እባቡን ከመፍራቷ እኩል ሰው ገብቶ ቤቷን እንዳያይባት መፍራት ጀመረች።

ስለዚህ ራሷ ለመነችው። ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ውጣልኝ አለችው። እባቡም ከሳጥኑ ሥር መለሰላት። እኔም ፈርቻለሁ፣ ሳጥኑ ከላዬ ካልተነሳ መውጫዬን በምን አያለሁ፣ አልወጣም አላት።

ወደ ሳጥኑ ዞረችና ተነስልኝ አለችው። ሳጥኑ አቃሰተ። ጀርባዬ ላይ ጆንያ ተጭኗል፣ ጆንያው ካልወረደ አልነሳም አለ። ጆንያው ካልወረደ ሳጥኑ አይነሳም፤ ሳጥኑ ካልተነሳ እባቡ አይወጣም፤ እባቡ ካልወጣ ለአልጋው ቦታ የለም።

ጆንያው የሬዲዮ ሆድ ዕቃ የታጨቀበት ነው። ሰዎች ለተድላ አምጥተው ሳይወስዷቸው የቀሩ ሬዲዮዎች ሽቦ፣ ቁልፍ፣ ድምፅ ማጉያ። ውረድልኝ ብትለው እንዴት ብዬ አላት። ጠረጴዛው ሦስት እግር ብቻ ነው ያለው፣ አራተኛው እግሩ እኔ ነኝ፣ እሱ ካልተነሳ አልወርድም አለ። እውነቱን ነው፤ የጠረጴዛው አንድ ጥግ ጆንያው ላይ ተደግፎ ነበር። ጠረጴዛው ካልተነሳ ጆንያው አይወርድም፤ ጆንያው ካልወረደ ሳጥኑ አይነሳም፤ ሳጥኑ ካልተነሳ እባቡ አይወጣም፤ እባቡ ካልወጣ ለአልጋው ቦታ የለም።

ጠረጴዛው ቀድሞ ሠራተኛ ስለነበር ኩራት አለው፤ ተድላ ሃያ ዓመት ሙሉ የጠገነው እሱ ላይ ነው። እኔ መች እንቢ አልኩ አላት፣ ቆርቆሮው ነው የያዘኝ። የቤቱ ጣሪያ ሲቀየር የወረደ አሮጌ ቆርቆሮ ለክፉ ቀን ይሆናል ተብሎ እላዩ ላይ ተደርድሯል። ዝገቱ እየረገፈ ወለሉን ሁሉ ቀይ አድርጎታል። ቆርቆሮው ካልወጣ ጠረጴዛው አይነሳም፤ ጠረጴዛው ካልተነሳ ጆንያው አይወርድም፤ ጆንያው ካልወረደ ሳጥኑ አይነሳም፤ ሳጥኑ ካልተነሳ እባቡ አይወጣም፤ እባቡ ካልወጣ ለአልጋው ቦታ የለም።

ረቡዕ ልመናው ሰለቻትና ጉልበት ልትሞክር ተነሳች። ጆንያውን በሁለት እጇ ይዛ ሳብ ስታደርገው ጠረጴዛው አዘነበለ፣ ቆርቆሮው እየተንቋቋ ተንሸራተተ፣ ከሳጥኑ ሥርም እስትንፋስ የሚመስል ረጅም ድምፅ ወጣ። ትርንጎ ጆንያውን ለቃ ደጅ ወጣች። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነገ ሐሙስ ነው። በዚያን ቀን ቤቷ አልገባችም፤ ምሳ ሳትበላ ዋለች፣ ማታም ማድ ቤት አደረች።

ሐሙስ ማለዳ ግን ገባች፤ ምን ምርጫ አላት። ቆርቆሮውን እባክህ ውጣ አለችው። ቆርቆሮው የት በኩል አለ። እኔ ሰፊ ነኝ፣ በሩ የሚከፈተው እኩሌታውን ነው፣ ካልተከፈተ አልወጣም አላት። በሩ ካልተከፈተ ቆርቆሮው አይወጣም፤ ቆርቆሮው ካልወጣ ጠረጴዛው አይነሳም፤ ጠረጴዛው ካልተነሳ ጆንያው አይወርድም፤ ጆንያው ካልወረደ ሳጥኑ አይነሳም፤ ሳጥኑ ካልተነሳ እባቡ አይወጣም፤ እባቡ ካልወጣ ለአልጋው ቦታ የለም።

በሩን ጠየቀችው። በሩ ሁለት ዓመት ሙሉ በጎን ሲያስወጣና ሲያስገባት የኖረ ነው፤ አፍሮ ነው የመለሰው። ከጀርባዬ ምን እንዳለ እርስዎ ያውቃሉ አላት። እሱ ካልወረደ እስከ ግድግዳው አልሄድም።

ታውቃለች። ከበሩ ጀርባ፣ ሚስማር ላይ፣ የተድላ ካፖርት ተሰቅሏል፤ ከሥሩም ቡትስ ጫማው፣ ዣንጥላው፣ የመሣሪያ ሳጥኑ። የሟች ልብስ እስከ አርባው ድረስ ለነዳያን ይሰጣል። ትርንጎም ሸሚዙን ሰጥታለች፣ ሱሪውን ሰጥታለች፣ ጋቢውን ሰጥታለች። ካፖርቱን ግን የንስሐ አባቷ ሲጠይቋት ለሙት ዓመቱ አወጣዋለሁ ብላ አስቀረችው። ሙት ዓመቱም አለፈ። ካፖርቱ ካልወጣ ደግሞ ሌላው ዕቃ ለምን ይወጣል። ጆንያው የሱ፣ ጠረጴዛው የሱ፣ ቆርቆሮውን ያወረደው እሱ። እያለች እያለች ቤቱ እስከ ጣሪያው ሞላ።

ከበሩ ጀርባ ገብታ ካፖርቱ ፊት ቆመች። ትከሻው አሁንም የሰው ትከሻ ይመስላል። ከእባቡ ይልቅ እዚህ ነው ልቧ የመታው። ውረድልኝ አለችው፣ በሹክሹክታ።

ካፖርቱ ቀስ ብሎ መለሰላት።

«የሰቀለኝ እሱ ነው። ታሞ ሐኪም ቤት የሄደ ዕለት፣ ፀሐይ ስለነበር፣ ስመለስ እለብስሃለሁ ብሎ ሰቀለኝ። እኔ እሱን እየጠበቅሁ ነው። አይመጣም ካሉኝ እወርዳለሁ። እስካሁን አይመጣም ያለኝ ሰው የለም።»

ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም። ለቅሶ ላይ ሌሎቹ ሙሾ ሲያወርዱ ሰምታለች፣ ደረቷን ደቅታለች፣ ፀጉሯን ተላጭታለች፤ ቃሉን ግን እሷ በአፏ አንድም ቀን አላለችውም። ተድላ የለም ትላለች፣ ገበያ እንደሄደ ሰው። ካልኩት እውነት ይሆናል ብላ ፈራች። ቃሉ ካልወጣ ካፖርቱ አይወርድም፤ ካፖርቱ ካልወረደ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ቆርቆሮው አይወጣም፤ ቆርቆሮው ካልወጣ ጠረጴዛው አይነሳም፤ ጠረጴዛው ካልተነሳ ጆንያው አይወርድም፤ ጆንያው ካልወረደ ሳጥኑ አይነሳም፤ ሳጥኑ ካልተነሳ እባቡ አይወጣም፤ እባቡ ካልወጣ ለአልጋው ቦታ የለም።

በዚህ መሃል ደጅ ባጃጅ ቆመ። ውብርስት ባሏን ደርበውን ተደግፋ ወረደች። መንገዱ ነው መሰለኝ ያንገላታት፣ ምጡ ቀድሞ ይዟታል፤ ሁለት እርምጃ ትሄድና ቆማ ወገቧን ትይዛለች። ደጃፉ ደረሰች፣ በሩን ገፋችው። በሩ እኩሌታው ላይ ቆመ። በጎን ልግባ ብላ ሞከረች፤ ሆዷ ከለከላት። ደግማ ገፋች፤ በሩ ካፖርቱን ገጭቶ ተመለሰ።

«እማዬ፣ በሩ እንቢ አለኝ» አለች። «እማዬ ቶሎ በይ፣ መጣብኝ።»

ደርበው በትከሻው ገፋ። ዕቃው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ከሳጥኑም ሥር ጭንቅላት ብቅ አለ፣ ጠፍጣፋ፣ ምላሱ እየተወነጨፈ፤ ወደ ብርሃኑ፣ ወደ በሩ፣ ወደ ውብርስት እግር ተመለከተ። ትርንጎ ከበሩ ጀርባ ሆና በአንድ በኩል እባቡን አየች፣ በሌላ በኩል የልጇን እስትንፋስ ሰማች፣ አፍንጫዋ ላይ ደግሞ የተድላ ካፖርት አለ። እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ልጄ ደጄ ላይ ትሞትብኛለች አለች በሆዷ። ከዚያ ለካፖርቱ፣ ጮክ ብላ፣ ልጇም እየሰማች ነገረችው።

«ተድላ አይመጣም። ተድላ ሞቷል።»

ከበሩ ወዲያ ውብርስት በሩን መግፋቷን ተወች። አባቷን ከቀበሩ ወዲህ እናቷ ይህን ስትል ሰምታ አታውቅም።

ቃሉ ሲወጣ ካፖርቱ ወረደ፤ ትርንጎ እቅፍ ውስጥ ዘጭ አለ፣ ከባድ ነበር። ቡትሱን፣ ዣንጥላውንና የመሣሪያ ሳጥኑን በእግሯ ገፋች። ካፖርቱ ሲወርድ በሩ ተከፈተ። ትርንጎ ለልጇ አትግቢ፣ ከደጃፉ ራቂ፣ ውስጥ እባብ አለ አለቻት። ስሙን ጠራችው። ያኔ ጎረቤቶቹ ድምፅ ሰምተው መጡ፣ እባቡም ኮቴው ሲበዛበት ጭንቅላቱን ወደ ሳጥኑ ሥር መለሰ፤ ሁለት ሴቶች ውብርስትን ከግቢው ወዲያ ማዶ ወስደው አስቀመጧት፣ የቀሩት ገቡ። ትርንጎ ግቡ አለቻቸው፤ የሚያዩትን ያዩ ዘንድ ተወቻቸው።

በሩ ሲከፈት ቆርቆሮው ወጣ፤ ቆርቆሮው ሲወጣ ጠረጴዛው ተነሳ፤ ጠረጴዛው ሲነሳ ጆንያው ወረደ፤ ጆንያው ሲወርድ ሳጥኑ ተነሳ። ደርበው በአንድ ጫፍ፣ አንድ ጎረቤት በሌላው ጫፍ ይዘው፣ ዱላ የያዙት ሁለት ሰዎች በግራ በቀኝ ቆመው፣ ሳጥኑን ከፍ አደረጉት። ሳጥኑ ሲነሳ እባቡ መንገዱን አየ፤ ግድግዳ ግድግዳውን ተሳበ፣ በተከፈተው በር ወጣ፣ በጓሮው የድንጋይ ካብ ገብቶ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሄደ። ዱላ የያዙት ሰዎች ከፍርሃታቸው የተነሳ ዱላ መያዛቸውን ያስታወሱት ከሄደ በኋላ ነው።

እባቡ ሲወጣ ለአልጋው ቦታ ተገኘ። ትርንጎ ወለሉን በውሃ አጠበች፣ ጥግ ጥጉን በእጇ ዳበሰች፣ አንዲት ቀዳዳ አግኝታ በጭቃ ደፈነች። አልጋው ገባ፤ ከመስኮቱ ሥር፣ ግድግዳውን ተጠግቶ። ውብርስት ተኛችበት፣ አዋላጇም ደረሰች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ተወለደች፣ ቤቱ እልል ተባለበት። ትርንጎ ባዶው ወለል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሴቶቹ የደስታ ነው ብለው ተዉአት፤ የደስታም ነበር፣ የተድላም ነበር። ከቀብሩ ወዲህ እሱን ስታለቅሰው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

በማግስቱ ካፖርቱን ራሷ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ደጀ ሰላሙ አጠገብ ለተቀመጡ አንድ ብርድ የጎዳቸው አዛውንት ሰጠቻቸው። ተነስተው ለበሱት፤ እጅጌው ትንሽ ረዘመባቸው። የማን ነው ብለው ጠየቋት።

«የባሌ ነበር» አለቻቸው፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ፤ እጅጌውንም በሁለቱም በኩል አጠፈችላቸው።

ተረቴ አለቀ። እናንተም ወደየቤታችሁ ግቡ፤ ስትገቡ ግን በራችሁ እስከ ግድግዳው ይሄድ እንደሆነ እዩልኝ።